የአስታ ማርያም ተረኞች

ዶክተር ይበልጣል ሲቆጡ ድምፃቸውን አያነሡም፤ መነጽራቸውን ያወልቃሉ። የዚያን ቀን ጠዋት ፒያሳ ባለው የጥናት ማዕከል ሸዋረጋ ገና ወንበር ስባ ሳትቀመጥ መነጽሩ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

«ሄለን፣ አሰሚያት» አሉ።

ሄለን የማዕከሉ የኮምፒውተር ባለሙያ ናት። ለነፍሰ ጡር ሴቶች በየረቡዑ በስልክ የምክር ድምፅ የሚልከውን ሥርዓት የሠራችው እሷ ስትሆን፣ በሥራዋ ስትኮራ እንጂ እንዲህ አንገቷን ደፍታ ስትቀመጥ ሸዋረጋ አይታት አታውቅም። ላፕቶፑን ነካ አደረገችው። ከማዕከሉ እየደወለ መረጃ የሚሰበስበው ልጅ በዚያ በለመደው ዜማ «ጤና ይስጥልኝ፣ ወይዘሮ እንኳየሁን ነበር» ሲል ተሰማ። ከወዲያ በኩል ዶሮ ይንጫጫል።

«እንኳየሁማ ባለፈው ወር ነበረች እኮ። አሁን እኔ ጋ ነው» አለች አንዲት ሴት።

«ይቅርታ፣ ማን ልበል?»

«ተረኛዋ ነኝ።»

ልጁ ግራ ሲገባው፣ ሴቲቱ ደግሞ ይህን የመሰለ ግልጽ ነገር ምኑ ይጠየቃል በሚል ድምፅ «ተረኛዋ!» ብላ ደገመችለት። ሄለን ድምፁን አቆመችው።

«ሌሎቹም እንደዚሁ ናቸው» አሉ ዶክተሩ። «አስታ ማርያም ላይ የደወልንላት ሴት ሁሉ ሌላ ሴት ናት። ስልኮቹን እየተቀባበሏቸው ነው። ገባሽ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ?»

ገብቷታል። ጥናቱ የእሷ የዶክትሬት ማሟያ ነው። ከዳባት በላይ ባሉ ሁለት ቀበሌዎች፣ በጽድ በርና በአስታ ማርያም፣ ነፍሰ ጡር ሴቶች በዕጣ ለሁለት ተከፍለዋል። ዕጣ የወጣላቸው ባለ ቁልፍ ስልክ ተሰጥቷቸዋል። በየረቡዑ ስልኩ ይጮሃል፤ አንሥተው የትኛው ራስ ምታት እንደሚያስፈራ፣ ደም ሲታይ ምን እንደሚደረግ፣ ጤና ጣቢያ መቼ እንደሚኬድ ለብቻቸው ይሰማሉ። ዕጣ ያልወጣላቸው አይሰሙም። በመጨረሻ ሁለቱ ወገኖች ይነጻጸራሉ። ያልሰሙት ከሰሙ ማን ከማን ጋር ይነጻጸራል?

«ቀበሌው ተበክሏል» አሉ ዶክተር ይበልጣል። በጥናት ቋንቋ እንዲህ ይባላል፤ ሴቶች ተሰብስበው ስለ ጤናቸው ሲሰሙ ብክለት ነው። «አስታ ማርያምን ከትንተናው አውጪው። ስልኮቹንም ሰብስበሽ አምጪ፤ ገምጋሚዎቹ ሳይመጡ ይለቅ።»

«አውጥቼ ምን ብዬ ልጻፍ?»

«በመንገድ ብልሽት ምክንያት መረጃው አልተሟላም በይ። ማን ሄዶ ያየዋል?» መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁ፤ ድምፃቸውም የአባት ሆነ። «ስሚኝ ሸዋረጋ። ጽድ በር ብቻውን ጥሩ ቁጥር አለው። ይሄ ከተሳካ በሚቀጥለው ዓመት ሰሜን ጎንደር በሙሉ ስልክ ያገኛል። ለአንድ ቀበሌ ብለሽ ስንት እናት ልታስቀሪ ነው? ደግሞስ አንቺ መመረቅ አትፈልጊም?»

መመረቅማ ትፈልጋለች። ከእሷ ይልቅ ደግሞ እናቷ ይፈልጋሉ። ወይዘሮዋ ገና ጥናቱ ሲጀመር ነው ለሰፈሩ ሁሉ «ዶክተሯ ልጄ» ማለት የጀመሩት፤ ባለ ሱቁ፣ የባጃጅ ነጂዎቹ፣ ደጀ ሰላም ላይ የሚቀመጡት ሳይቀሩ ሸዋረጋን ዶክተር ብለው ነው የሚጠሯት። ገና ያልተሰጣትን ማዕረግ ስንቴ እንዳስተባበለች እግዜር ይወቀው። አሁን ሰልችቷት አቤት ትላለች። ይህ ሁሉ ሰው ቀን እየቆጠረ ስልኮቹን አልሰበስብም ማለት ቀላል አልነበረም፤ እሷም አላለችም። ትልቁን ጥቁር ቦርሳ ባዶውን አንግታ ወጣች።

ዳባት ላይ ከሚኒባስ ወርዳ ወደ አስታ ማርያም ሽቅብ ስትሄድ ቀኑ ሃያ አንድ፣ የወሩ ማርያም ነበር። መንገዱ ደኅና ነው። በጋውን ጠጠር ፈስሶበት፣ የጭነት መኪና ሳይቀር የሚመላለስበት መንገድ ሆኗል። የመንገድ ብልሽት የሚለው ሐረግ በእያንዳንዱ መታጠፊያ ላይ ትዝ እያላት ተናደደች፤ ማንም ሊያየው የሚችል ነገር ላይ እንዴት ሰው ይዋሻል? ንዴቱ ግን ገና በዶክተር ይበልጣል ላይ ነበር እንጂ የራሷ ድርሻ አልነበረበትም።

የራሷ ድርሻ የመጣው ወይዘሮ ምንዳዬ ቤት ስትገባ ነው።

ወይዘሮ ምንዳዬ የማርያም ማኅበር ሙሴ፣ ማለትም የማኅበሩ አለቃ ናቸው፤ በዚያ ወር ደግሞ ድግሱ በእሳቸው ቤት ሆኗል። ሴቶቹ መደቡን ሞልተው ተቀምጠዋል። አባ ወልደኢየሱስ ዳቦውን ባርከው መቁረሳቸው ነው። በነጭ ጨርቅ የተሸፈነው ጽዋ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ተቀምጧል፤ ከጽዋው አጠገብ፣ በዚያው በጨርቁ ጫፍ ላይ፣ የማዕከሉ ስልኮች በረድፍ ተደርድረዋል።

ሸዋረጋ ደጃፉ ላይ ቀረች። ሁሉም ነገር ባንድ ጊዜ ነው የተገለጠላት።

ጥናቱ የተጀመረ ጊዜ ቤት ለቤት መዞር ደክሟት፣ ነፍሰ ጡሮቹን ሁሉ ባንድ ቦታ ለማግኘት ብላ የመጣችው በማኅበራቸው ቀን ነበር። ዕጣውን ያወጣችው በዚሁ ማኅበር ላይ፣ ከአባ ወልደኢየሱስ ፊት፣ በስፌድ ነው። ለማኅበርተኛ ደግሞ ዕጣ አንድ ትርጉም ብቻ አለው። ዕጣ የወጣላት ጽዋውን ወደ ቤቷ ትወስዳለች፤ የእሷ ሆኖ አይደለም፤ ለሁሉም ልትጠብቀው ነው። ወር ሲሞላ ታወጣና ለተረኛዋ ታስረክባለች። ሸዋረጋ የጎንደር ልጅ ናት፤ የእናቷ ማኅበር ጽዋ በእልልታ ከቤታቸው ሲገባና ሲወጣ እያየች ነው ያደገችው። ያን ዕለት ሴቶቹ ስልኩን በነጠላቸው ሸፍነው እልል እያሉ ሲወጡ ደስ ብሏቸው ነው ብላ ፎቶ አንሥታ ነበር። ፎቶው እስካሁን የማዕከሉ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

«ግቢ እንጂ እቴ! ምነው ደጅ ቆመሽ ቀረሽ?» አሉ ወይዘሮ ምንዳዬ። «እነሆ፣ አደራሽን እይው፤ አንዱም አልተጫረ። ሸጋ አርገን ይዘነዋል።»

ገባች። ዳቦ ተቆረሰላት፣ ጠላ ተቀዳላት። እስኪበላና እስኪጠጣ የመጣችበትን ጉዳይ በሆዷ ይዛ ቆየች፤ የማርያምን ዳቦ እየበሉ ክፉ ወሬ ማውራት አልሆነላትም። ከዚያ ተናገረችው። ስልኩ ዕጣ ለወጣላት ብቻ የተሰጠ እንደነበር፣ ሌላ ሴት መስማት እንዳልነበረባት፣ አሁን ጥናቱ ስለተበላሸ ስልኮቹን ልትሰበስብ እንደተላከች።

አባ ወልደኢየሱስ መስቀላቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው እጅ አዛወሩ።

«ዕጣ ጣሉ አልሽን፣ ጣልን» አሉ ወይዘሮ ምንዳዬ ቀስ ብለው። «በማርያም ቀን፣ በማርያም ቤት። የደረሳት ወሰደች፣ አስቀመጠች፣ አስረከበች። በየረቡዑ ሲጮኽም ተረኛዋ ቤት ተሰብስበን አብረን ሰማን። ታዲያ የቱ ላይ ነው ያጠፋነው?»

«ያጠፋችሁት የለም» አለች ሸዋረጋ። «ለብቻ ስሙ ብዬ ነበር ግን።»

«ለብቻ ማለት እኮ ማኅበሩ ለብቻው፣ ወንድ ሳይገባበት ማለት መስሎን ነው!» አለች አንዷ፤ ከመደቡ ወዲያ ሳቅ ተነሣ። ወይዘሮ ምንዳዬ አልሳቁም።

በዚህ ጊዜ አልማዝ የምትባል ቀጭን ሴት ልጇን ከጡቷ አላቅቃ ለጎረቤቷ አቀበለችና ተነሣች። ሸዋረጋ ታውቃታለች፤ ዕጣ ካልወጣላቸው ወገን ናት።

«እኔ ዕጣ አልደረሰኝም» አለች አልማዝ። «በእንኳየሁ ተራ ጊዜ ነው የሰማሁት። ራስሽን ከወጋሽ፣ ዓይንሽ ከተጋረደ፣ ፊትሽ ካበጠ ሰው ዓይን ነው ብለሽ አትተኚ አለ። ከዚያ እኔኑ ያዘኝ። ራሴን ሊሰነጥቀው ነው፣ ምሰሶው ሁለት ሆኖ ይታየኛል። እናቴ ዓይን በልቷት ነው፣ ይታጠንላት አለች። እምቢ አልሁ። ባሌ አያ ማሩና ጎረቤቱ በቃሬዛ ዳባት አወረዱኝ፤ ከዚያም በአምቡላንስ ጎንደር። ሐኪሞቹ ትንሽ ብትቆይ አለቀላት ነበር አሉ።» ቆም አለች። «እና እቴ፣ በጥናታችሁ እኔ ይህን መስማት አልነበረብኝም?»

«በጥናቱ ሕግ አልነበረብሽም» አለች ሸዋረጋ።

«ሕጉን ያወጣው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

አልማዝ አልጮኸችም፤ አልተሳደበችም። ልጇን መልሳ ተቀበለችና ተቀመጠች። ሸዋረጋ ግን ስድቡ በተሻላት ነበር። ከትምህርት ቤት ጀምራ ያነበበችው፣ ያስተማረችው፣ በፈተና የጠየቀችው ሁሉ ትክክል ነው፤ ማነጻጸሪያ ያስፈልጋል። ማነጻጸሪያው ግን ስም እንዳለው፣ ልጅ እንደሚያጠባ፣ ፊት ለፊት ቆሞ እንደሚጠይቅ ማንም አልነገራትም ነበር። በራሷ አፈረች። ከዚያ ሐፍረቱ ወደ ንዴት ተለወጠ፣ ንዴቱም ደስ አላት፤ ምን ማድረግ እንዳለባት የነገራት እሱ ነውና።

ያን ቀን ማዕከሉ ውስጥ ድምፅዋ የተሰማው ተረኛ አባይነሽ ናት። ወሯ ገብቷል፤ ለመነሣት ሁለት ሴቶች ደገፏት። ከጽዋው አጠገብ ያለውን ስልኳን አንሥታ ጉያዋ ውስጥ ወሸቀችና ሸዋረጋ ፊት ቆመች።

«ሳልወልድ ተራዬ አይፈጸምም፤ ከእኔም አይወጣም» አለች። «ልትወስጂው ከሆነ እጅሽን ሰደሽ ከጉያዬ አውጪው።»

ሸዋረጋ ጥቁሩን ቦርሳ ከትከሻዋ አወረደች። ዚፑን ከዳር እስከ ዳር ዘጋችው።

«አልወስድም» አለች። «ግን የሆነውን ሁሉ እንደሆነ ልጻፈው። ማን በማን ተራ እንደሰማች፣ ማን ምን እንዳደረገች። ትፈቅዱልኛላችሁ?»

«ጻፊው» አሉ ወይዘሮ ምንዳዬ። «የምንደብቀው ምን አለና። ስማችንንም ከፈለግሽ ጻፊው።»

ያኔ ነው አባ ወልደኢየሱስ «እንግዲህ ጽዋው ይነሣ፣ ቀኑ መሸብን» ያሉት። የዚያ ወር ስልኮች ከጽዋው ጋር በእልልታ ወጡ፤ የአባይነሽ ብቻ ሳትወልድ አይነካም ተብሎ ከእሷው ጋር ቀረ።

ሸዋረጋ እዚያው ሰነበተች። ቤት ለቤት ዞረች፤ አሁን አልደከማትም። ዕጣ የወጣላትም ያልወጣላትም ምክሩን ሰምታለች፤ የወለደችውም በጤና ጣቢያ ወይም በሆስፒታል ወልዳለች፤ መውለጃዋ ያልደረሰውም ክትትሏን ይዛለች። ስትመለስ ጽድ በር ጎራ አለች። ቁጥሩ ያማረበት ቀበሌ ነው። በጽድ በር ዕጣውን ያወጣው የቀበሌ ጽሕፈት ቤቱ ስለነበር ስልኩን ያገኘች እንደታዘዘችው ለብቻዋ ይዛዋለች፤ ብዙዎቹ ጋ ደግሞ ስልኩ በባል ኪስ ሆኖ ዳባት ገበያ ይውላል። ጥቂቶቹ ሰምተዋል፤ ያልደረሳቸው ምንም አልሰሙም። ልዩነቱ የመጣው ከዚያ ነው፤ ያማረው ቁጥር ባላወቁት ሴቶች ላይ የቆመ ነበር።

ገምጋሚዎቹ የመጡ ዕለት አዳራሹ ሞልቷል። ከጤና፣ ከትምህርት፣ ከማኅበራዊ ሥራ የተውጣጡ ሰዎች ከፊት ተቀምጠዋል፤ መካከላቸው ነጃት የምትባል አዋላጅ ነርሶችን የምታስተምር ሴት አለች። ዶክተር ይበልጣል ሸዋረጋ ስልኮቹን ስላላመጣች ተቆጥተው ጥናቱን ራሳቸው ሊያቀርቡ ቆመዋል። ግድግዳው ላይ የሚታዩት የቁጥር ሥዕሎች ያምራሉ። ስልክ ያገኙት ሴቶች አረንጓዴ ዘንግ ካላገኙት ቀይ ዘንግ ጎልቶ ይታያል።

«ሁለተኛው ቀበሌ፣ አስታ ማርያም፣ በመንገድ ብልሽት ምክንያት መረጃው ስላልተሟላ በትንተናው አልተካተተም» ብለው ወደሚቀጥለው ሊያልፉ ሲሉ ሸዋረጋ ተነሣች።

«መንገዱ ደኅና ነው» አለች። «በእሱ ነው የመጣሁት።»

አንድ ሰው ከኋላ ሳቀ። ዶክተሩ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ጥያቄ በመጨረሻ ነው፣ ሸዋረጋ።»

«ጥያቄ አይደለም። ጥናቱ የእኔ ነው። መረጃው ተሟልቷል፤ አምጥቼዋለሁ።» ባዶውን ቦርሳ ጠረጴዛው ላይ አደረገችው። «ይሄ ስልኮቹን ሰብስቢበት የተባልኩት ቦርሳ ነው። አልሰበሰብኩም።»

ከዚያ ተናገረች። ዕጣውን በማኅበር ላይ ያወጣችው ራሷ መሆኗን፣ ሴቶቹ በሥርዓታቸው መሠረት ስልኩን እንደ ጽዋ እየተረካከቡ ሁሉም እንደሰሙ፣ ማነጻጸሪያ የተባለው ወገን ስለጠፋ ልዩነት እንዳልተገኘ። ልዩነት ያልተገኘው ስልኩ ስላልሠራ አይደለም፤ ማንም ወደኋላ እንድትቀር ማኅበሩ ስላልፈቀደ ነው። ይህን ከጥናቱ ቆርጦ ማውጣት ውሸት ነው። «ጽድ በርን ብቻ ይዘን ብንሄድ በሰሜን ጎንደር ሁሉ ስልክ እንበትናለን» አለች፤ «ከባል ኪስ ወደ ገበያ።»

ከገምጋሚዎቹ አንዱ ጉሮሮውን ጠራረገ። «እህቴ፣ በስሜት ሳይሆን በዘዴ እንነጋገር። በዚህ መረጃ ስልኩ መሥራቱን ማረጋገጥ አይቻልም።»

«አይቻልም» አለች ሸዋረጋ። «አላረጋገጥኩም። የሆነውን ነው የምጽፈው፤ ያልሆነውን አልጽፍም።»

ነጃት እጇን አነሣች። «በአስታ ማርያም፣ ጤና ጣቢያ ሳትደርስ ቤቷ የወለደች አለች?»

«የለችም።»

«ይህ የጥናቱ ጥያቄ አይደለም» አሉ ዶክተር ይበልጣል።

«የኔ ጥያቄ ነው» አለች ነጃት፤ መልሱንም ጻፈችው።

አዳራሹ ውስጥ ማንም አላጨበጨበም። ከሻይ በኋላ ሸዋረጋ ተጠርታ ተነገራት። ጥናቷ በዚህ መልኩ አያልፍም፤ ከፈለገች በሌላ ቀበሌ ከሥሩ ትጀምር። በአስታ ማርያም ያለው ሥራ ተዘግቷል፤ የረቡዑም ድምፅ ይቋረጣል።

«ከሥሩ ብጀምረውም ያየሁትን ነው የምጽፈው» አለች።

«እንግዲያውስ በርቺ» አሉ ዶክተር ይበልጣል፤ መነጽራቸው ገና ጠረጴዛው ላይ ነበር።

ማዕከሉ ስልኮቹን የሚሰበስብ ሌላ ሰው ላከ። ሰውየው አስታ ማርያም ገብቶ በየቤቱ ሲዞር የደረሰባት ሴት ሁሉ «አሁን እኔ ጋ አይደለም፣ ተረኛዋን ጠይቅ» እያለች አሳለፈችው። ሲሄድ ሲሄድ ወይዘሮ ምንዳዬ ቤት ደረሰ። እሳቸውም ዳቦ አብልተው፣ ጠላ አጠጥተው፣ ለሃያ አንድ ና ብለው ሸኙት። ባዶ እጁን ተመለሰ።

የሸዋረጋ እናት ወሬውን የሰሙ ዕለት አኩርፈው ዋሉ። ማታ ግን ባለ ሱቁ «ለዶክተሯ» ብሎ ሳሙና ሲልክ፣ ሸዋረጋ ከእንግዲህ እንዲህ አትበሉኝ ብላ ልትመልሰው ስትል እናቷ ነጠቋት። «እኔ የሰጠሁሽን ማዕረግ እኔ አላነሣሁም» አሉ። «እነሱ የራሳቸውን ይዘው ይቀመጡ!»

ረቡዕ ጠዋት ሄለን ፒያሳ ላይ አገኘቻት። «ሥርዓቱን አጥፊ ተባልሁ፣ አጠፋሁ» አለች። ዛሬ ዓይኗን አላሸሸችም። «አፍሽን ዝጊ ያለኝ ግን የለም። ምክሮቹን የጻፍሽው አንቺ ነሽ፤ ቁጥሮቹም አንቺ ጋ አሉ። ዛሬ አንቺ ደውለሽ ታነቢላቸዋለሽ፣ ቀጣዩ ረቡዕ የኔ ነው። ነጃትም የሚከተለውን ስጡኝ ብላለች።»

ሸዋረጋ ከማዕከሉ ሕንፃ ትይዩ ካለው ካፌ በረንዳ ላይ ተቀመጠች። የምክሩን ወረቀት ዘረጋች። የሦስተኛው ፎቅ መስኮት ከዚያ ይታያል፤ ሰው ቆሞበታል፤ ይየኝ አለች። ደወለች። ስልኩ ብዙም ሳይጮኽ ተነሣ። አራስ ልጅ ያለቅሳል፤ ዶሮዎቹም እንደዚያው ናቸው።

«አቤት! ማን ልበል?» አለች አባይነሽ።

ሸዋረጋ ስሟን ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ተወችው።

«ተረኛዋ ነኝ» አለች።

ከወዲያ በኩል ሳቅ ተነሣ፣ ከሳቁም በላይ የአልማዝ ድምፅ፣ የወይዘሮ ምንዳዬ ድምፅ፣ የወንበር መንቋቋት።

«ቆይ፣ ድምፁን ከፍ ላድርገው» አለች አባይነሽ። «ሁላችንም አለን። በይ ቀጥይ።»